ያለ ፈቃድ የተቃናው ጀልባ

መሥሪያ ቤት እንደ ሰው ይከበራል፤ አንዳንዱም ከሰው በላይ። ከቡታጅራ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ የምትገኝ አንዲት ከተማ ያቋቋመችው የሐይቅ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ከነዚህ ከተከበሩት ወገን ነው። አሥራ ስምንት ሠራተኛ፣ ሁለት ማኅተምና አንድ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ነበረው። ጀልባ ግን ለአራት ዓመት አልነበረውም። ይህም ቢሆን ሥራውን አላስተጓጎለበትም፤ እንዲያውም በነዚያ ዓመታት አንድም የጀልባ አደጋ ባለመድረሱ በየዓመቱ ይሸለም ነበር።

በአምስተኛው ዓመት ጀልባ መጣ።

ጀልባው የእንጨት ነው። በጃንሆይ ዘመን አንድ የግሪክ ነጋዴ ዝዋይ ላይ ይንሸራሸርበት ነበር ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ሁለት ጊዜ፣ ቀለሙ ደግሞ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር እየተቀየረ ኖሮ በአይሱዙ ተጭኖ ደረሰ። የታሰበለት ሥራም የሚናቅ አልነበረም። ከሐይቁ ማዶ ያሉ ገበሬዎች ጤና ጣቢያ ለመድረስ ዳር ዳሩን ሦስት ሰዓት ይሄዳሉ፤ በጀልባ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ባለፈው ክረምት ምጥ የያዛት አንዲት ሴት በቃሬዛ ስትመጣ መንገድ ላይ ሕይወቷ አልፏል። ጽሕፈት ቤቱ ይህን በሪፖርቱ ላይ «በቂ ትምህርት የተወሰደበት» ሲል ጠቅሶታል።

በሙከራው ቀን ነጂው ዑመይር ሞተሩን አስነሣ። ጀልባው አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ፣ ለነጂው ከደመና በቀር ምንም እንዳይታየው አድርጎ ወጣ። ወደ ግራ ቢጠመዝዘው ወደ ቀኝ ሄደ፤ ወደ ቀኝ ቢጠመዝዘው አሁንም ወደ ቀኝ። የሐይቁ መካከል ሳይደርስ ዞሮ ዞሮ የተነሣበት ቄጠማ ውስጥ ተሰካ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ይትባረክ አጨበጨቡ። «በሰላም ተመልሷል!» አሉ።

ዑመይር ግን ቡታጅራ ውስጥ አብዱልሃፊዝ የሚባል፣ ዝዋይ ላይ ሃያ ዓመት ጀልባ ሲጠግን የኖረ አናጢ እንዳለ ተናገረ። ሰውየው ተጠራ። ወደ ዳር የተጎተተው ጀልባ ሥር በደረቱ ተኝቶ ገባ፤ እንጨቱን በጣቱ አንኳኳ፤ አሸተተ። ከዚያ ሱሪውን አራግፎ ወደ አዳራሹ መጣ።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ። «ችግሩ ቀላል ነው። መሪው ጠሟል።»

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው አሚኔ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አነሣች።

«የቱ መሪ?» አሉ አቶ ይትባረክ።

«ከኋላ፣ ከውሃው በታች ያለው ብረት።»

«ከኋላ ሆኖ የሚመራ አለ እንዴ?»

«ጀልባ ላይ እንደዚያ ነው ጌታዬ። ዝጎ ወደ አንድ ጎን ጠሟል። ከላይ ምን ቢያዙት አይሰማም። አውጥቶ ማቃናት ነው፤ እምቢ ካለም መቀየር። ሸክሙም ሁሉ ከኋላ ተከምሯል፤ አፍንጫው ሰማይ የሚያየው ለዚያ ነው። ሁለት ቀን ይበቃኛል።»

አቶ ይትባረክ መነጽራቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። «ወንድሜ፣ እርስዎን የጠራንዎት ስለ ጀልባው እንዲነግሩን ነበር።»

«ስለ ጀልባው ነው የነገርኳችሁ።»

«አሚኔ፣ ይህ እንዳይጻፍ።»

«እና ምን ልበል?»

«ባለሙያው የግል አስተያየቱን ሰጥቶ በምስጋና ተሸኝቷል በይ።»

አብዱልሃፊዝ ከተሸኘ በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ጉዳዩን በራሱ አቅም ሊፈታ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው የችግሩ ምንጭ የነጂው አመለካከት መሆኑን ስለደረሰበት ዑመይር ለሦስት ቀን ሥልጠና ወልቂጤ ተላከ። ወልቂጤ ሐይቅ ባይኖራትም አዳራሽ አላት። ዑመይር ሰርተፊኬት ይዞ ተመለሰ፤ ጀልባው ግን ሥልጠናውን ስላልወሰደ አሁንም ወደ ቀኝ ዞረ። ወደ ሰማይ ለሚያየው አፍንጫም መፍትሔ አልጠፋም፤ ከሠራተኞች መካከል በኪሎ የላቁት አራቱ በሥራ ሰዓት ከፊት እንዲቀመጡ ተመደቡ። አፍንጫው ወረደ። ወርዶም ውሃ ጠጣ። አራቱ ባለሥልጣናት በቄጠማው ውስጥ እየዳኹ ወደ የብስ ሲመለሱ ያየ ሰው ለልማት የሚከፈለውን መሥዋዕትነት በዓይኑ አየ።

በመጨረሻ ታላቁ ውሳኔ ተወሰነ። ጀልባው የሚዞር ከሆነ መስመሩ ለምን ክብ አይሆንም? «ክብ የጉብኝት መስመር» ጸደቀ፤ ማዶው ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ተላለፈ፤ ሪባን ተቆረጠ።

ማዶ ያሉት ሰዎች ግን ውሳኔው አልደረሳቸውም። ጀልባው ወደ እነርሱ ባቀና ቁጥር እቃቸውን አንሥተው ይቆማሉ፤ ሲዞር መልሰው ይቀመጣሉ። ከነሱ መካከል ባሂራ የምትባል እርጉዝ ሴት ነበረች። ዑመይር በየዙሩ ያያታል፤ በየዙሩም ሆዷ የገፋ ይመስለዋል። አንድ ቀን ባሏ ከዳር ሆኖ «አንተ፣ እየመጣህ ነው ወይስ እየቀለድክብን?» ብሎ ጮኸበት። ያን ቀን ዑመይር ምሳ አልበላም።

ቅዳሜ ጽሕፈት ቤቱ ዝግ ነው። ዑመይር ቡታጅራ ሄዶ አብዱልሃፊዝን ይዞት መጣ። መሪውን ፈትተው በባጃጅ ወደ ብየዳ ቤት ወሰዱት፤ በመዶሻ ቀጥቅጠው አቃኑት። የነዳጁን በርሜልና ባትሪውን ከኋላ ወደ መሐል አመጡ። በእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ከእንሰት የተፋቀ ቃጫ ጠቀጠቁ። እሑድ ከሰዓት ጀልባውን ሲያስነሡት እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሄደ።

መሐል ሳይደርሱ ማዶ አንድ ሰው ነጠላ ሲያውለበልብ አዩ። የባሂራ ባል ነበር። ምጡ ከሌሊት ጀምሮ ይዟት፣ ቃሬዛው ተዘጋጅቶ ሊነሡ ነው። ደርሰው አሳፈሯትና ዑመይር ጀልባውን ወደ ከተማው አዞረ። «በቀጥታ ያዘው» አለው አብዱልሃፊዝ፤ «አሁን ይታዘዝልሃል።» በአሥራ አንድ ደቂቃ አሻገሯት። የአስር ሶላት ሳይደርስ ሴት ልጅ ወለደች።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱም አዳራሽ ተጠሩ።

«የመንግሥትን ንብረት ያለ ፈቃድ አቃንታችኋል» አሉ አቶ ይትባረክ። «ከጸደቀው ክብ መስመርም ወጥታችኋል።»

«ሴትዮዋ ልትሞት ነበር እኮ!» አለ ዑመይር።

«በጽሑፍ የደረሰን ነገር የለም።»

አሚኔ ከቃለ ጉባኤዋ ቀና ብላ «ልጅቷስ?» አለች። «ደህና ናት?»

«አሚኔ፣ አጀንዳው ላይ የለችም።»

ዑመይር ከሥራ ታገደ። አብዱልሃፊዝ ጀልባውን በሰባት ቀን ውስጥ ወደ ነበረበት እንዲመልስ ታዘዘ።

«ጌታዬ» አለ አናጢው፣ «እኔ የተማርኩት ማቃናት ነው። ማጣመም አልችልበትም።»

ጽሕፈት ቤቱ ተስፋ አልቆረጠም። የማጣመም ሥራ ጨረታ አወጣ። ለማቃናት በአገሩ አንድ ሰው ብቻ ነበር የተገኘው፤ ለማጣመም አሥራ አንድ ተወዳዳሪ ቀረበ። ሰባቱ የራሱ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ናቸው፤ ሁሉም በቂ የሥራ ልምድ አላቸው።