የእትዬ ብጣሽ ጆንያ

እትዬ ብጣሽ የተነሱት አንድ ጆንያ ባዶ ለማድረግ ነበር። ይኸው ሰባት ዓመት አለፋቸው።

ምንም ነገር መጣል የማይሆንለት ሰው የሌለበት ሕንፃ እስካሁን አልተሠራም። አንዱ የጠርሙስ ክዳን ያጠራቅማል፣ ሌላው የተጣመመ ሚስማር እያቃና ያስቀምጣል። የኛዋ ክብርት ግን የሁሉም አለቃ ናቸው። ጣት የማታክል ብጣሽ ጨርቅ መሬት ላይ ወድቃ ካዩ፣ ሰው ተዘርሮ ያዩ ያህል ይደነግጣሉ። ሲያናግሯቸው ዓይናቸው ከሰውየው ፊት ይልቅ የሸሚዙ ጫፍ ላይ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከሳቸው ክፍል ሥር ስለሆነ የስፌት መኪናቸው ሲሄድ ይሰማኛል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ መስኮቴ ላይ ስትደርስ ይጀምራሉ። ድምፁ ሩቅ የሚዘንብ ዝናብ ይመስላል። አንዳንዴ መቀሴን እንደያዝኩ በሐሳብ ጭልጥ እላለሁ፤ ደንበኛ ትከሻዬን ነክቶ ይመልሰኛል።

ጆንያው የመጣው ከፋብሪካ ነው። እትዬ ብጣሽ ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ የልብስ ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ሌላው የግድግዳ ሰዓት ታቅፎ ሲሄድ፣ እሳቸው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር የተጠራቀመውን ቅዳጅ ጆንያ ሙሉ ተሸክመው ወጡ። ሌላ ከተማ ያለችው ልጃቸው አብረዋት እንዲኖሩ ለመነቻቸው። አንድ ነገር ብቻ ከለከለች፤ ጆንያው ቤቷ አይገባም። ሰፍተው ጨርሰውት እንደሚመጡ ቃል ገቡላት። ልጅቷ አመነች። እኔም አመንኩ፤ ደነገጥኩም።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ማስረዳቱ ራሱ ደስ ይለኛል። አሮጌ ጋዜጣ ስንዝር በስንዝር ሆኖ በአራት ማዕዘን ይቆረጣል። አንድ ረጅም ቅዳጅ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን አግድም ይጋደምበታል። ሁለተኛው ፊቱን ወደ ታች አድርጎ በላዩ ይተኛል፤ ጠርዛቸው ከወረቀቱ ጋር ይሰፋል፤ ከዚያ ተገልብጦ በጥፍር ይተኮሳል። ሦስተኛው በሁለተኛው ላይ፣ እንዲያ እንዲያ እያለ ወረቀቱ እስኪሸፈን። ስፌቱ ጥቅጥቅ ማለት አለበት፤ ወረቀቱ በኋላ እንደ ቴምብር ጠርዝ በቀላሉ እንዲቀደድ። ሲሞላ ዙሪያው በወረቀቱ ልክ ይከረከማል፣ ወረቀቱ ከጀርባ ይላጣል። እንዲህ የተሠሩ አራት ሲገጥሟቸው መስመሮቹ ተገናኝተው አልማዝ ይሠራሉ፤ አልማዞቹ ተጋጥመው ብርድ ልብስ ይሆናሉ። ቅዳጁ ጠማማ ይሁን፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ይሁን፣ ወረቀቱ ሁሉንም ያስማማዋል።

ችግሩ መከርከሙ ላይ ነው። የተከረከመውም ብጣሽ ነዋ። ብጣሽ ደግሞ ወደ ጆንያው ይመለሳል።

የሕንፃው ጥበቃ አንድ ቀን «እትዬ፣ ድሪቶው ደረሰ?» ብሎ ተረባቸው። ብርድ ልብሱን ጭኑ ላይ ዘረጉለት። «ድሪቶ ቀዳዳ ይደፍናል። የኔ ቀዳዳው የቱ ጋ ነው? እስቲ አሳየኝ» አሉት። ጥበቃው የምሩን መፈለግ ጀመረ። ዓይኑ ከመስመር ወደ መስመር፣ ከሰማያዊ ወደ ብርቱካናማ ሲንሸራተት፣ እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

ሁለተኛ ፎቅ ላሉት ጡረተኛ መምህር የሰጡት ብርድ ልብስ ደግሞ ወረቀቱ ሳይላጥ ገበር ተደርጎበት ኖሯል። መምህሩ በተገላበጡ ቁጥር እየተንኮሻኮሸ ሳምንት ሙሉ አይጥ ሲያሳድዱ ከረሙ። በኋላ እትዬ ወረቀቱን ላውጣልዎት ቢሏቸው እምቢ አሉ። ለምደውታል፤ ቅጠል ላይ የተኙ እየመሰላቸው ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ጨርቅ አለመርሳታቸው ነው። አንዷ ቅዳጅ ላይ ጣታቸውን ያሳርፉና፣ «ይቺን አውቃታለሁ» ይላሉ፤ የተማሪ ዩኒፎርም እንደነበረች፣ ዝናቡ እምቢ ብሎ በዘገየበት ዓመት እንደተቆረጠች ይነግሯችኋል። ሲሳሳቱ ልይዛቸው ብዙ ሞክሬ አልተሳካልኝም።

ልጅቷ በየወሩ የምትደውለው ለኔ ነው። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እማዬ ምን ያህል ቀራት?»

«ግማሽ» እላለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ግማሽ ነው።

እንግዲህ ልናዘዝ። ክርካሚ ብቻውን ሰባት ዓመት አያቆይም። እትዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ቁልፋቸውን እኔ ጋ ያስቀምጣሉ። እኔም የሳምንቱን የኮት ገበር ቅዳጅ እጄ እንደቻለ አፍሼ ደረጃውን እወጣለሁ። ጆንያውን ከፍቼ ወደ ሥር ገፋ፣ ደባለቅ አድርጌ እወርዳለሁ። ያ ዝናብ ከጣሪያዬ በላይ ቢያባራ ይህ ሱቅ ምን እንደሚመስል ማሰብ አልፈልግም ነበር።

በቅርቡ ጉልበቴን ታመምኩና ሁለት ወር ደረጃ መውጣት አቃተኝ። የስፌት መኪናው ከላይ ሲሄድ እየሰማሁ ቅዳጁ እግሬ ሥር ተከመረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድምፁ ቆመ። ቀጥሎ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። እትዬ ብጣሽ በሬ ላይ ቆሙ፤ ጆንያው እንደ ፎጣ ታጥፎ ክንዳቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ባዶውን።

እንኳን ደስ አለዎት ልል አፌን ስከፍት፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ከእግሬ ሥር አንድ ግራጫ ቅዳጅ አነሱ። ጣታቸውን አሳረፉበት።

«ይቺን አውቃታለሁ» አሉ። «ሰባት ዓመት አውቃታለሁ።»

ከዚያ ጆንያውን አራግፈው አፉን ከፈቱና ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር አቆሙት።

«እዚህ ይሁን። በዚህ ጉልበትህ ደረጃ ምን ያስወጣሃል?»

ለልጃቸው ከኔው ስልክ ደወሉ። ለመኖር እንደማይመጡ፣ ይልቅ እሷ መጥታ የምትወስደው አንድ ብርድ ልብስ እንደሚሰፉላት ነገሯት። ልጅቷም በመጨረሻ የአልጋዋን ስፋት ነገረቻቸው።

አሁን የያዙት እሱን ነው፤ ከግራጫ የኮት ገበር ብቻ። አንድ ቀለም ብቻውን መስመር አያወጣም ብዬ ተከራከርኩ። ግራጫ አሥራ አንድ ዓይነት ነው ይላሉ። ስምንቱን አግኝተዋል። ዘጠነኛው አሁን እየቆረጥኩት ባለው ኮት ገበር ውስጥ ነው ብለው፣ አጠገቤ ቆመው መቀሴን እየጠበቁ ናቸው።