ሊቀ ደመናት ዶን ሊዮንሲዮ

ወንዝ ዳር ቆሞ፣ ሱሪውን እንኳ ሳይሰበስብ ዋና የሚያስተምር ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ፤ ዛሬውኑ ዕቃዬን ጭኜ እገባበታለሁ። ግን የለም። የእኛው፣ የቪያ ኮንሱዌሎው፣ ዶን ሊዮንሲዮ ይባላሉ። በከተማችን በሳንቶ ዶሚንጎ ሕንፃዎች ውስጥ አሳንሰር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጡረታ የወጣው ግን እጃቸው ነው እንጂ አፋቸው አይደለም።

እኒህ ሰው ክላውድ ያስተምራሉ። አዎ፣ ያንን የኮምፒውተሩን ደመና። የጀማሪዎቹን የምስክር ወረቀት የያዘ ሰው ማቀዝቀዣ ያለው ቢሮ ውስጥ ሥራ ያገኛል ስለተባለ፣ የሰፈሩ ወጣት አመሻሽ ላይ ቶሪቢዮ ሱቅ በር፣ ከዶሚኖ ተጫዋቾቹ ጎን ይሰበሰባል። ዶን ሊዮንሲዮ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይነሱና "ቆይ ቆይ፣ በአገርኛ ላስረዳህ!" ይላሉ። ይህችን "በአገርኛ ላስረዳህ" ስትሰሙ ተደላድላችሁ ተቀመጡ፤ ቶሎ አትነሱም።

"ክላውድ ምንድን ነው? የቶሪቢዮ ሱቅ ነው! ሚስትህ ለባቄላው አንድ ማንኪያ ሳልሳ አማራት እንበል። ፋብሪካ ትከፍታለህ? አትከፍትም። ጣሳውን ትገዛለህ? አትገዛም። እዚህ ትመጣለህ፣ ቶሪቢዮ በማንኪያ ይሰፍርልሃል፣ የማንኪያዋን ከፍለህ ትሄዳለህ። የሰው ኮምፒውተርም እንደዚሁ ነው፤ በተጠቀምክበት ልክ!"

"ዶን ሊዮንሲዮ፣ እኔን ለምን እዚህ ውስጥ ያስገቡኛል?" ይላል ቶሪቢዮ ከባንኮኒው ጀርባ።

"ዝም በል አንተ! ደመና አይናገርም!"

ከዚያ ወደ ጥበቃው ይገባሉ። "የግቢው በር የአከራይህ ነው፤ የክፍልህ ቁልፍ ያንተ ነው። በርህን በርግደህ ተኝተህ ቴሌቪዥንህ ቢሄድ አከራይህን አትክሰስ።" ስለ መጠባበቂያ ቅጂ ሲጠየቁም መልሱ ከንፈራቸው ላይ ነው። "አውሎ ነፋስ ሲመጣ የልደት ወረቀትህን ሁለቱንም ቅጂ አንድ መሳቢያ ውስጥ ታኖራለህ እንዴ? አንዷን ከኦሳማ ወንዝ ማዶ፣ አማትህ ቤት አስቀምጥ። አማት ሌላ ምን ትሠራለች?"

እኔን የሚያሳቅቀኝ ግን የወንበሩ ትምህርት ነው። "የለቅሶ ቤት ሰው ሲበዛ ከጎረቤት የፕላስቲክ ወንበር ትዋሳለህ። ሰው ሲበተን ትመልሳለህ። ሲበዛ መጨመር፣ ሲያንስ መመለስ፤ ይህ መለጠጥ ይባላል። የማይመልሰው ደግሞ ምን እንደሚባል እናንተው ታውቃላችሁ" ይሉና ዓይናቸውን እኔ ላይ ይጥላሉ። ከእሳቸው የተዋስኩት ሁለት ወንበር ነው። እመልሳለሁ ብያለሁ።

መቼም ሳቁባቸው አትበሉኝ፤ ሰውየው ፈተና ያሳልፋሉ። የቶሪቢዮ እህት ያአይራ አለፈች። የፀጉር አስተካካዩ ልጅ አለፈ። ጋዜጣ ላይ ሰው ከማማት በቀር ሌላ ሙያ የሌለኝ እኔ እንኳ፣ ስለ መለጠጥ የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ዓይኔ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ድቅን አለና አለፍኩ። በሰፈሩ ያልተፈተነ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ እሱም መምህሩ። አንዴ ጥርሳቸውን ያማቸዋል፣ አንዴ ፈተናው ሊቀየር ነው ይላሉ፣ አንዴ ደግሞ "እኔን ማን አባቱ ነው የሚፈትነኝ?" ይላሉ።

ነገሩ የመጣው ከማዘጋጃ ቤቱ ማሠልጠኛ ነው። ዳይሬክተሯ ኦርኪዴያ የምሽት ትምህርት ልትከፍት አስባ ዝናቸውን ሰምታ ኖሮ እስከ ሱቁ ድረስ መጣች።

"ክፍሉ የእርስዎ ነው፣ ዶን ሊዮንሲዮ። ነጭ ሰሌዳ አለው፣ በሩ ላይም ስምዎ ይለጠፋል። ግን የምስክር ወረቀቱን ይዘው ይምጡ። ካላመጡ ላለው ሰው ለመስጠት እገደዳለሁ።"

ሰውየው ከዚያን ቀን ጀምሮ በሱቁ በር ሲያልፉ አንገታቸውን ደፍተው ሆነ። ባለቤታቸው ዶኛ ሚሬያ መንገድ ላይ ያዘችኝና "ነጩን ሸሚዙን በየቀኑ ይተኩሳል፣ አይለብሰውም፣ መልሶ ይሰቅለዋል። ያንን ክፍል ካጣ ሰውዬዬን አጣሁት ማለት ነው" አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ቀን መቀለዱ አስጠላኝ።

ፈተናው ቤት ተሁኖ በኮምፒውተር ነው። አንድ ተቆጣጣሪ ከሩቅ አገር በካሜራ ያያል፣ በማይክሮፎን ይሰማል። ሕጉ አጭር ነው፦ ተፈታኙ ብቻውን ይሆናል፤ የሌላ ሰው ድምፅ መሰማት የለበትም፤ እሱም አይናገርም። ዶን ሊዮንሲዮ አይናገሩም! ግመል በመርፌ ቀዳዳ ብትሾልክ ይቀላል።

ያም ሆኖ ለቅዳሜ ተመዘገቡ፤ ሰፈሩም መከረ። ቅዳሜ ዕለት ቶሪቢዮ ሙዚቃውን ዘጋ፤ አባቱ የሞተ ዕለት እንኳ ቀነሰው እንጂ አልዘጋውም። የዶሚኖ ተጫዋቾቹ ጠጠሩ እንዳይንኳኳ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አነጠፉ። የፕላታኖ ሙዝ ሻጩ መኪና በድምፅ ማጉያው እየለፈፈ ብቅ ሲል፣ ሮጠን ጭነቱን በሙሉ ገዝተን መለስነው። ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ ስንጠብስ ከረምን።

እኔ ከተጫዋቾቹ ጋር፣ ከሱቁ ጎን ባለው የዶን ሊዮንሲዮ መስኮት ሥር ነበርኩ። ጥቂት እንደቆየ የተቆጣጣሪው ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

"ጌታዬ፣ ጥያቄውን ጮክ ብለው ማንበብ አይፈቀድም።"

"ይቅርታ" አሉ ዶን ሊዮንሲዮ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና፦

"ጌታዬ፣ ለማን ነው የሚያስረዱት?"

"ለማንም! አመል ሆኖብኝ ነው።"

"ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ከእንግዲህ ድምፅ ከተሰማ ፈተናው ይሰረዛል።"

ዶኛ ሚሬያ ወጥ ቤቷ በር ላይ ቆማ አማተበች። ይኸኔ ነው መብራት የሄደው። ባትሪ ስላላቸው ኮምፒውተሩም ኢንተርኔቱም አልጠፉም፤ እፎይ አልን። ለካ የሚያስፈራው መሄዱ ሳይሆን መምጣቱ ኖሯል።

እኛ ዘንድ መብራት ሲመጣ የማይጮህ ሰው የለም። ሕፃኑም፣ አሮጊቷም፣ ቄሱም በአንድ አፍ "መብራት መጣ!" ይላሉ። ማንም አስቦት አይደለም፤ እንደ ማስነጠስ ነው። እና የቶሪቢዮ አምፖል ቦግ ሲል ሁላችንም አፋችንን በእጃችን አፈንን። ቶሪቢዮ ኮፍያውን ነከሰ። አንዱ ተጫዋች ፎጣውን አፉ ውስጥ ጠቀጠቀ። ቪያ ኮንሱዌሎ ከተቆረቆረች መብራት በዝምታ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

"መብራት መጣአአአ!"

ከውስጥ ነው። ጥርት ያለ፣ ደስ የሚል፣ የዶን ሊዮንሲዮ ድምፅ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ምስኪኑ ሁለቱም ደርሶባቸዋል።

ሲወጡ ነጩን ሸሚዝ እንደለበሱ ናቸው። "ጥቂት ጥያቄ ነበር የቀረኝ" አሉ። የሳቀ ሰው የለም። "እንደገና ይፈተኑታል" ብንላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ።

ዳይሬክተሯ ቃሏ ቃል ነውና የምስክር ወረቀት ያለውን ሰው ስትፈልግ እኔ ላይ ደረሰች። አይሆንም አልኳት። የመጡብኝ ራሳቸው ዶን ሊዮንሲዮ ናቸው። "ግባ ልጄ" አሉኝ፤ "ባዶ ከሚቀር አንተ ብታበላሸው ይሻላል።"

ገባሁ። ክፍሉ ጢም ብሏል። ዳይሬክተሯ በሩ አጠገብ ቆማለች። የመጨረሻው ወንበር ላይ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ዶን ሊዮንሲዮ ተቀምጠዋል። ተማሪ ሆነው! አስተማርኩ፤ ዝም። ቀለድኩ፤ ዝም። አፋቸውን ይዝጉልኝ እያልኩ ዓመታት ስመኝ የኖርኩት ሰውዬ፣ ያን ዝምታ ራሴ ለመስበር ተነሳሁ።

"ክላውድ ማለት" አልኩ ሆን ብዬ፣ "ጣሳውን በሙሉ ገዝቶ ቤት ማስቀመጥ ነው።"

የሸሚዛቸውን የአንገት ቁልፍ ፈቱ።

"መለጠጥ ማለት ደግሞ ለለቅሶ የተዋሱትን ወንበር እዚያው ማስቀረት ነው።"

"በሕግ አምላክ!" ብድግ አሉ። "ሌባ! ቆይ ቆይ፣ በአገርኛ ላስረዳቸው!" እየተንደረደሩ መጥተው ማርከሩን ከእጄ መነጨቁኝ። ዳይሬክተሯን አየኋት። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔም ሄጄ የእሳቸው ቦታ ላይ ቁጭ አልኩ።

ይኸው እስከ ዛሬ በየክፍለ ጊዜው አንድ ስህተት አዘጋጅቼ እገባለሁ፤ እሳቸውም ያርሙኛል። ለፈተናው እንደገና እየተዘጋጁ ነው፤ ለጊዜው ጥርሳቸውን አሟቸዋል። ሁለቱን ወንበሮች ግን አልመልስም። ብመልስ በምን ልሳሳት?