ፓስወርድ የሌለበት ቤት

መቼም ሰው ሆኖ ሰርግ መጠራት የማይወድ የለም። ሄዶ ባይበላ እንኳ መጠራቱን ይወዳል። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰውዬ አንድ ቀን ጎረቤቱ ደግሶ የዘለለው ሰው መሆን አለበት፤ አለዚያ እንዲህ ዓይነት ቅያሜ ከየት ያመጣል? ዱሮ ነገሩ ቀላል ነበር። መልእክተኛ ደጃፍ ላይ ቆሞ «የእገሌ ልጅ ሰርግ ነውና እንዳትቀሩ» ይላል፣ ጠላውን ጠጥቶ ይሄዳል፣ አለቀ። ኋላ ግን ሁለት ቀለበትና ሁለት ርግብ የተሳሉበት የመጥሪያ ካርድ የሚባል ነገር ከተማችን ሰቆጣ ገባና በአፍ መጠራት እንደ ስድብ ይቆጠር ጀመር። ማንበብ የማይችለውም ሰው ካርዱን ይፈልጋል፤ እንዲያውም አጥብቆ የሚፈልገው እሱ ነው። ተቀብሎ ገልበጥ ገልበጥ ያደርግና ግድግዳው ላይ ይሰካዋል። እናንተም ብትሆኑ፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ካርድ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ የምትፈልጉት የሰርጉን ቀን ሳይሆን የራሳችሁን ስም ነው።

አያ ምስጋናው የተቀየሙት በዚሁ ነበር። የባለቤቴ አጎት፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የሚኖሩት አበርገሌ ቆላ ነው። እኔና ባለቤቴ ስንጋባ ለከተማው ሰው ካርድ ታደለና ለእሳቸው በአፍ ተነገራቸው። ቀሩ። መቅረት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የአማቶቼን ደጃፍ አልረገጡም። ሰቆጣ ገበያ ሲመጡ እንኳ ዞረው በሌላ መንገድ ያልፋሉ። አሁን ደግሞ ተራው የባለቤቴ ታናሽ እህት የዝናሽ ደረሰ። ዝናሽን በልጅነቷ ያሳደጓት አያ ምስጋናው ናቸው። «አያ ቆመው ካልመረቁኝ ከዚህ ቤት አልወጣም» አለች። ሙሽራ እንዲህ ስትል ትቀልዳለች ብላችሁ ይሆናል። ዝናሽን አታውቋትም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ካርድ ለአያ ምስጋናው እንዲሆን ተወሰነ። የሚያደርሰውም ሰው አልታጣም፤ የአያ ጎረቤት አቶ ተገኘ አህያውን ይዞ ገበያ ወጥቶ ነበርና እኩለ ቀን ላይ ሲመለስ ይወስድልናል። እሱ ካለፈ እስከ ሰርጉ ድረስ ወደዚያ የሚወርድ ሌላ ሰው ማግኘት ዘበት ነው። የቀረን ካርዱን ማተም ብቻ ነበር።

«ብቻ» የምትለዋን ቃል ኮምፒውተር ባለበት አካባቢ ባትጠቀሙባት ይሻላል።

የምንኖረው ከአማቶቼ ጋር በአንድ ግቢ ነው፤ ቤታችን ሁለት ኮምፒውተር ነበረው። አሮጌው፣ ባለቤቴ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምትጽፍበት፣ መንገድ ዳር ባለችው ክፍል ያለው ሲሆን ማተሚያው የተሰካው እሱ ላይ ነው። አዲሱ ደግሞ የባለቤቴ ወንድም ከአዲስ አበባ የላከው ነው፤ እሱ ከግቢው ማዶ፣ እልፍኝ ውስጥ ዳንቴል ለብሶ ይኖራል። ዝናሽ ካርዱን ከነፎቶዋ ያሰናዳችው በአዲሱ ነው። የማተሚያው ገመድ ደግሞ ለአዲሱ አይሆንም፤ እንዲህ ያለ ሰፊ ቀዳዳ ከነጭራሹ የለውም። ፍላሽስ ትሉኝ ይሆናል። በቤቱ የነበረችውን አንዲት ፍላሽ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እየተዋሳት ቫይረስ ሰብስባ መጥታ ስለነበር ባለቤቴ ወደ ኮምፒውተሯ እንዳትቀርብ አውግዛታለች።

ግድ የለም፣ እኔ አለሁ! ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ የኮምፒውተር ሥልጠና የወሰድኩ መምህር ነኝ። ረጅም የኔትወርክ ኬብል ከልብስ ማስጫው ሽቦ ጋር አስሬ ግቢውን አሻገርኩና ሁለቱን ኮምፒውተሮች አገናኘኋቸው። አዲሱ ላይ ያለውን የካርዱን ፎልደር ለጋራ ከፈትኩት። ወደ አሮጌው ሮጬ ሄድኩ፤ ፎልደሩ በስሙ ቁጭ ብሎ ይታያል። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ስነካው ግን አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለችና አይቻልም አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው ግቢው ውስጥ ዶሮ የማባርር ይመስለው ነበር። አዲሱን አጥፍቼ አስነሣሁ፣ አሮጌውን አጥፍቼ አስነሣሁ። መከላከያ የሚባለውን ሁሉ ዘጋሁ። «ማን ይግባ?» ለሚለው ጥያቄ «ሁሉም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ልብ በሉልኝ፣ ሁሉም! ሳጥኗ ብቅ ትላለች፣ እዘጋታለሁ፣ ትመለሳለች። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ኬብሉ ላይ የተሰጣውን እርጥብ ጋቢ አይታ «ይሄ ከብዶት ይሆናል» ብላ አነሣችለት። ቢያንስ ጋቢው አረፈ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን አፍስሼም የምለቅመው አጣሁ። አቶ ተገኘ አህያውን ጭኖ ደጅ ቆሟል። «ኧረ መምህር፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች! ቆላው ሳይጨልም ልድረስበት እንጂ!» ይላል። ዝናሽ መዝጊያው ሥር ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች። እንደ ማልቀስ ሲቃጣት አየሁና አንጀቴን በላችው።

የባለቤቴ አባት መምሬ አዳነ የገቡት ይኼኔ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የኖሩ ቄስ ናቸው። ከኋላዬ ቆመው ሳጥኗ ብቅ ስትልና ስዘጋት ጥቂት ተመለከቱ።

«ምን ይላል?»

«አይቻልም ነው የሚለው፣ አባ።»

«ይኼን ሁሉ ጽፎ አይቻልም ብቻ? ለምን ይላል?»

«እሱን... አላነበብኩትም።»

«ንባቡን ሳትጨርስ ትርጓሜ ውስጥ ምን አገባህ?» አሉኝ ቆጣ ብለው።

እስቲ ፍረዱኝ፤ ከእናንተስ መካከል ያችን ሳጥን እስከ መጨረሻው አንብቦ የሚያውቅ ማን ነው? ሁላችንም «እሺ» የሚለውን ተጭነን ነው የምንሮጠው። አማራጭ ስለሌለኝ ጮክ ብዬ አነበብኩና ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። የተጠቃሚው መግቢያ ገደብ አለበት፤ ምክንያቱ ምናልባት ፓስወርዱ ባዶ መሆኑ ሊሆን ይችላል፣ ይላል። ባዶ!

ባዶ የሆነበትን ምክንያት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አዲሱ ኮምፒውተር የመጣ ሰሞን በሥልጠናው እንደተማርኩት ፓስወርድ ሰጥቼው ነበር። በማግሥቱ ቤተሰቡ አኮረፈ። በዚያ ቤት ልብስ ሣጥኑ እንኳ አይቆለፍም፤ ዘመድ «ቤቶች!» ብሎ ሰተት ነው። አማቴ «ከእኛ ውስጥ ሌባው ማነው ልጄ?» ብላ ስትጠይቀኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እራት ሳይቀርብ አነሣሁትና ሰላም ወረደ። እንግዲህ ጉዱን ተመልከቱ። ይህ ማሽን ቁልፍ ያለውን ቤት እንጂ ቁልፍ የሌለውን ቤት አያምንም። ማንም ይግባ ብለን ስለተውነው ነው ማንንም አላስገባ ያለው።

«ቁልፍ ከሌለው እንግዳ አላስገባም ነው የሚለው» አልኳቸው።

መምሬ አዳነ ሳቃቸው መጣ። «ይኼ የማን አገር ሰው ነው የሠራው?» አሉና ዝናሽን አይተው ከበድ አሉ። «በል ቆልፈው። ስሙን ቦራ በለው።»

ቦራ አያ ምስጋናው ከመቀየማቸው በፊት ለቤቱ የሰጡት በሬ ነው፤ እስከ ዛሬ ያርሳል። በላቲን ፊደል ጻፍኩት። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ስሙንና ፓስወርዱን ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት፣ ፎልደሩ ወለል ብሎ ተከፈተ! ጮህኩ። ዝናሽ ጮኸች። ባለቤቴ ከማተሚያው አጠገብ እልልታውን ስታቀልጠው ጎረቤት ሰርጉ ዛሬ ነው እንዴ እያለ ወጣ።

«አባ፣ ፓስወርድ ግን ለሰው አይነገርም» አልኳቸው በሳቄ መሐል።

«ለባዳ ነዋ!» አሉኝ።

ከዚያም ግቢው መሐል ቆመው፣ ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ በሚናገሩበት ድምፅ፣ ማንም ቅር እንዳይለው ቁልፉ ቦራ መሆኑን አወጁ። አማቴ ሰማች፣ እልልታው ያወጣቸው ጎረቤቶች ሰሙ፣ ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡ ሰዎችም ሰሙ። አቶ ተገኘ ትኩሱን ካርድ ደረት ኪሱ ሲከት ደግሞ ጠጋ ብለው በኽምጣንጋ፣ በአገሩ አገውኛ፣ አንሾካሾኩለት። ኋላ ምን እንዳሉት ስጠይቃቸው «ለምስጋናው ንገረው አልኩት፤ እሱም ቤተኛ ነው» አሉኝ። ድምፃቸው ትንሽ ሰለለ። ሰውየው ለካ ናፍቀዋቸዋል።

አያ ምስጋናው የመጡት በሰርጉ ዋዜማ ነው፤ ሙክታቸውን እየጎተቱ፣ በዋናው መንገድ፣ በፊት ለፊት በር። ዝናሽ እግራቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች። እሳቸው እያነሷት መረቋት። እኔም፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ የዳሱን ምሰሶ የማጠብቅ መስዬ ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ሲመሽ ጠላው ገባ ገባ ሲል መምሬ አዳነንና እኔን ወደ ዳሱ ጥግ ጠሩን። ግራ ቀኛቸውን ቃኙ።

«ካርዱንማ ለሁሉም በትናችሁት የለ፤ በየቤቱ ተሰክቶ እያየሁ ነው የመጣሁ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የቤታችሁን ቁልፍ ግን ከዘመድ ሁሉ መርጣችሁ ለእኔ ብቻ ላካችሁ። ያውም በቦራ! እኔን ያመጣኝ እሱ ነው። አደራ፣ ለሌላ ሰው ትንፍሽ እንዳትሉ።»

መምሬ አዳነ ጺማቸውን ይዘው የዳሱን ጣራ አጥብቀው መመርመር ጀመሩ። ቄስ ናቸው፣ መዋሸት አይችሉም። ነገሩ ለእኔ ወደቀ።

«ማን ይነግራል፣ አያ» አልኩ።

ወዲያው በጓዳ በኩል ወጥቼ የአያን አደራ ለባለቤቴ ነገርኳት፣ እሷም ለወጥ ሠሪዎቹ፣ ወጥ ሠሪዎቹም ለጎረቤቱ። በማግሥቱ የሰፈሩ ሰው ከትልቅ እስከ ትንሽ ፓስወርዱን ሰምቶ እንደማያውቅ ሆኖ በላ፣ ጠጣ፣ ጨፈረ፤ ከአንድም ሰው አፍ አላፈተለከም። በዚያ ቤት ምስጢር ሲጠበቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።