ቶሎ የሚያስነሳው አግዳሚ ወንበር

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወር በገባ በ14ኛው ቀን
ቦታ፦ የቤት ዕቃ ፋብሪካው የናሙና ክፍል
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00
የተገኙ፦ ሥራ አስኪያጁ (ሰብሳቢ)፣ የሽያጭ ኃላፊው፣ ዋና አናጺው ጋሼ፣ ንድፍ አውጪዋ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋ (ጸሐፊ፣ ያለፈቃዷ)
ያልተገኘ፦ የለም

ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። በቤቱ ልማድ ስብሰባ የሚካሄደው በሚገመገመው ናሙና ላይ ስለሆነ አምስታችንም አግዳሚው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን።

አጀንዳ 1፦ ለሆስፒታል መጠበቂያ ክፍል የታዘዙትን አራት መቶ አግዳሚዎች ስለማጽደቅ

ሥራ አስኪያጁ ደንበኛው "ሰው እየመጣ ተዘርግቶ አስቸገረን፣ ከሩብ ሰዓት በላይ የማያስቀምጥ ሥሩልን" ማለቱን አስታውሰው፣ ንድፍ አውጪዋ መቀመጫውን ወደ ፊት በማዘቅዘቋ አመሰገኗት። ንድፍ አውጪዋ ንድፉ ላይ እንዳልፈረመች፣ እንደማትፈርምም ገለጸች። ለምን ብትባል "እናቴ ኩላሊቷን በምትታጠብበት ቀን አራት ሰዓት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ይሄን ያወጣሁት እኔ ነኝ ስል አፈርኩ" አለች። የሽያጭ ኃላፊው እናትየዋ ትራስ ይዘው እንዲሄዱ ሐሳብ አቀረቡ። ደጋፊ አላገኘም።

አጀንዳ 2፦ ስለ ንድፍ አውጪዋ

ሥራ አስኪያጁ ከፈረመች የንድፍ ክፍል ኃላፊ እንደምትሆን፣ እምቢ ካለች ግን ከነገ ጀምሮ መጥታ እንዳትደክም አስታወቁ። ጸሐፊዋ በእሷ ቦታ ብትሆን ዓይኗን ሳታሽ እንደምትፈርም ተናገረች፤ ማንም አልጠየቃትም ነበር።

በ3፡20 የሽያጭ ኃላፊው ስልክ መጣልኝ ብለው ተነሱ፤ ስልክ ግን አልጠራም። ጋሼ "ኧረ ወገቤን!" ብለው ተነሱ። ሥራ አስኪያጁ ለማብራራት ቆመው በዚያው ቀሩ። ጸሐፊዋም ቆመች፤ ተንሸራታ ሳትወድቅ ማለት ነው።

ከረጅም ውይይት በኋላ በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ አግዳሚው ጸደቀ። ንድፍ አውጪዋ እስከ ቀኑ 6፡00 ካልፈረመች እንድትሰናበት ተወሰነ።

በዚህ ጊዜ ጋሼ "እስቲ ደንባችሁን አንብቡት" አሉ። ተነበበ። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው፣ ማንም ሳይሞክር እንዳያጸድቅ ብለው ያወጡት ደንብ፣ ድምፅ የሚሰጠው ናሙናው ላይ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው ይላል። ዞር ብለን ብናይ ንድፍ አውጪዋ ብቻዋን ጥርሷን ነክሳ ተቀምጣለች። የሽያጭ ኃላፊው ሮጠው ሲቀመጡ ወለሉ ላይ ተገኙ። ጋሼ "እኔስ ደህና ቆሜያለሁ" ብለው ንቅንቅ አላሉም።

ውሳኔ፦ በአንድ ድጋፍ፣ ያለ ተቃውሞ፣ ከላይ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ደንበኛው በስልክ ተነግሮት ወደ ሌላ ፋብሪካ እንደሚሄድ አሳውቋል። ስብሰባው በ3፡55 ተዘግቷል።

ከተዘጋ በኋላ ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን ሰጥተው ሲያስነሷት "ይሄን ድፍረት ከየት አመጣሽው?" ብለው ጠየቋት። "ምን ድፍረት አለኝ! ከተነሳሁ እንደምፈርም ስለማውቅ ነው" ብላ አለቀሰች። ይህ ከስብሰባው ውጭ የተነገረ ስለሆነ በቃለ ጉባኤው አልተያዘም።