አርባ አምስት ዓመቱ ነው ያልኳችሁ ዘፋኝ

የዛሬውን ላይቭ ያያችሁ ዝም በሉ። ያላያችሁ ደግሞ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት፣ ሌላ ሰው ጨማምሮበት ነው የሚነግራችሁ።

ጧፍ የሚሸጡ እናት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ፋራ አደረጉኝ።

ደስታዬን ግን አልቻልኩትም! ቆይ፣ ከስሩ ልጀምርላችሁ።

አስራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ አራት ስራ ቀይሬ አሁን ጌጃ ሰፈር አጎቴ ሱቅ ነው ያለሁት። አጎቴ ሬድዮ፣ ቴፕና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ማለትም "ሰኞ ነይ" ይላል። ደንበኛ በየትኛውም ቀን ይምጣ፣ የያዘው ነገር ምንም ይሁን፣ መልሱ ሰኞ ነው። የትኛው ሰኞ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

ከሶስት ሳምንት በፊት መደርደሪያውን ሳጸዳ (ተገድጄ ነው) ከአሮጌ ቴሌቪዥኖች ጀርባ አንድ የሸክላ ማጫወቻ አገኘሁ። ክዳኑን ስከፍተው አንዲት ትንሽ ሸክላ ውስጡ ቁጭ ብላለች። መሃሏ ላይ ያለው ወረቀት ተልጧል። ስም የለ፣ ምን የለ። የተረፈው ቁጥር ብቻ ነው። 45።

የማን ነው ብዬ አጎቴን ጠየቅኩት። ረስቶታል።

የኤሌክትሪክ ገመዱ ተበጥሶ ነበር። እኔው ቀጠልኩት። አምስት ደቂቃ!

ከዚያ ያ ድምፅ መጣ።

የፈረንጅ ሰማንያዎቹ ኦርጋን፣ ከማሽን የሚወጣ ከበሮ፣ ከላዩ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያዝን የሚመስል ወፍራም የወንድ ድምፅ። በአማርኛ። ዝግ ብሎ፣ እየተጎተተ።

"ሊፍቱ ተበላሽቷል፣ በደረጃ ና፣
አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ አልተኛሁም ገና።"

አለቀስኩ። እውነቴን ነው።

ወዲያው ቪዲዮ ሰርቼ ለቀቅኩት። ከላዩ ምን ብዬ ጻፍኩ? "ይህን ሲዘፍን አርባ አምስት ዓመቱ ነበር።"

45 ይላላ! ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

እናንተም አብራችሁኝ ነው ያበዳችሁት፣ አሁን ንጹህ ለመምሰል አትሞክሩ። ሊፍቱ ህይወት ነው ያላችሁ አላችሁ። አራተኛ ፎቅ ማለት ሰማይ ነው ብላችሁ ረጅም ኮመንት የጻፋችሁ አላችሁ። አንዱ ብቻ "ወንድ ሆኖ ማንን ነው ና የሚለው?" ብሎ ጠየቀ። እኔ ምን ብዬ መለስኩለት?

"ሞትን።"

ሞትን!! ላይኩም ዘነበልኝ።

እዚያ ላይ አፌ ቢያርፍ ጥሩ ነበር። አላረፈም። ዘፋኙ በህይወት ካለ ፈልጉልኝ፣ ሸክላውን በላይቭ በገዛ እጄ እሰጠዋለሁ አልኩ። በልደታ ማርያም ነው የማልኩት። ያንን መሃላ እዚህ ሰፈር ተቀምጦ ማፍረስ አይቻልም።

ተገኘ። ጋሽ መኩሪያ የሚባሉ ሰው በኢንቦክስ "እኔ ነኝ" አሉኝ። ዛሬ ሙሉ ሱፍ፣ ቀይ ክራቫትና ጥቁር መነጽር አድርገው ሱቃችን መጡ። እስቲ አንዴ ይዝፈኑልን ስላቸው ጉንፋን ይዟቸዋል። አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ይሄ ሰውዬ አሮጌ ሸክላ እየለቀመ ለፈረንጅ የሚሸጥ ነው የሚመስለኝ አለኝ።

ላይቭ ላይ ነኝ አልኩት። ምን ላድርግ? ምያለሁ፣ ሰውም እያየ ነው። ለስንብት አንዴ እንስማውና እሰጣቸዋለሁ ብዬ ስፒከሩን በር ላይ አውጥቼ ከፈትኩት።

መንገደኛው ተሰበሰበ። ከመንገደኛው መሃል እትዬ አስካለ ብቅ አሉ።

እትዬ አስካለ ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍ የሚሸጡት ናቸው። ለሰላምታ እንኳን ቃል የሚቆጥቡ ሴትዮ። ዘንቢላቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

"አንቺ ልጅ፣ ምን አድርገሽው ነው እንደ ለቅሶ የሚጎተተው?" አሉኝ።

እኔ ደግሞ ምላሴ! "እትዬ፣ የድሮ ስልት ነው፣ ላይገባዎት ይችላል።"

ላይገባዎት ይችላል። ለእሳቸው። በላይቭ። ይቺን ቆርጣችሁ አስቀምጡልኝና ልቤ ሲያብጥ እያወጣችሁ አሳዩኝ።

ዘንቢሉን መሬት አስቀምጠው ገቡ። ማጫወቻው ጎን ላይ አንዲት የዛገች ማንሻ አለች፣ የተሰበረች መስላኝ ነክቻት አላውቅም። በአውራ ጣታቸው ገፏት። ቀጭ አለች።

"አርባ አምስት ዙር ነው በደቂቃ" አሉኝ። "አንቺ በሰላሳ ሶስት ነው የምትነጂው።"

ዙር።

ዕድሜ አይደለም። ዙር!

መርፌዋን ወደ መጀመሪያው መለሷት። ጀለሶች፣ ያ ሀዘንተኛ ሰውዬ እዚያው ጠፋ። በሱ ቦታ አንዲት ኮረዳ ወጣች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሳቋ ከዘፈኑ ሊያመልጥ የደረሰ። ከበሮው ይዘላል፣ ኦርጋኑ ያሽኮረምማል። ሞትን የጠራ የለም፣ የሆነ ጎረምሳ ነው የተጠራው። ሊፍቱም ሊፍት ነው። ተበላሽቶ ነው።

ሁላችንም ወደ ጋሽ መኩሪያ ዞርን።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ያኔ ድምፄ ገና አልጎረነነም ነበር።"

"በአርባ አምስት ዓመትዎ?" አላቸው አጎቴ።

ጋሽ መኩሪያ ስልክ ተደወለልኝ ብለው ወጡ። አልተመለሱም። ስልካቸው ሲጠራ የሰማ ሰውም የለም።

እትዬ አስካለ ግን እሳቸውን ዘወር ብለው አላዩም። ከንፈራቸው ከሸክላው ጋር እየሄደ ነበር። ልጅቷ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ላይ እሳቸውም ይወስዳሉ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ድምፃቸው ወጣ። ሻከር ብሏል እንጂ ያው ነው። ያው ራሱ!

ከዚያ ነገሩን፦ ሮም ሰው ቤት ሲሰሩ ነው የዘፈኑት። የአሰሪዎቻቸው ልጅ መኝታ ቤቱ ውስጥ ኦርጋንና የከበሮ ማሽን ነበረው። ወጥ ቤት ሲያንጎራጉሩ ሰማቸውና ቀዳቸው፣ ጥቂት ሸክላም አሳተመ። የሰማው ሰው የለም። አንዷን ይዘው አገራቸው ገቡ። እዚህ ደግሞ ዘፋኝ ነበርኩ ቢሉ ማን ያምናል፣ ስለዚህ ለማንም አልተናገሩም። ቤታቸው ብቻቸውን ይሰሟት ነበር፣ የማጫወቻው ገመድ እስኪበጠስ። ከሰባት ዓመት በፊት ጠጋኝ ጋ ወሰዱት።

የትኛው ጠጋኝ እንደሆነ ልንገራችሁ?

"ስንት ሰኞ ተመላለስኩ" አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። "በኋላ አፈርኩና ተውኩት።"

አጎቴ መሬት መሬት አየ። ሸክላውን ከውስጡ ሳላወጣ ማጫወቻውን እንዳለ አስታቀፍኳቸው። መሃላዬን ፈጸምኩ! እሳቸው ግን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና "አንዴ ድገሚው" አሉኝ።

አንዴ? አምስቴ ነው የደገምነው። ጫማ ሰፊው ከነመዶሻው መጣ። የጌጃ ሰፈር ህዝብ መንገድ ዘግቶ ሊፍቱ ተበላሽቷል እያለ ሲዘል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ታክሲው ክላክስ እያደረገ ነበር፣ ኋላ ላይ ክላክሱም ምቱን ያዘ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መሃል ገቡ። እኔ ስልኩን ይዤ እንደገና አለቀስኩ፣ አሁን ግን በትክክለኛው ፍጥነት።

ሲጨርሱ ላባቸውን ጠርገው ቀጥታ ወደ ስልኬ መጡ።

"ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። የጻፍሽውን አርሚው።"

አርሜዋለሁ እትዬ። ሃያ አንድ። ሴት። እትዬ አስካለ። ሞትን ያልጠሩ።

ማጫወቻውን ተሸክሜ ቤታቸው አደረስኳቸው። በር ላይ ግን አፌ አላስችል አለኝ፣ ያ ጎረምሳ በደረጃ ወጣ ወይስ አልወጣም ብዬ ጠየቅኳቸው። ፈገግ ብለው አዩኝ።

"ሰኞ ነይ" አሉኝ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ቀን መቁጠሩንስ እችላለሁ፣ ግን የአጎቴ ደንበኞች መከራ ዛሬ ነው የገባኝ፦ የትኛው ሰኞ?