ሞሬኒኬ ክሊኒክ የመረጠችበት ዓመት ዜና

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ብዬ ልጀምር። ምራቴ ሞሬኒኬ ቤታችን በገባች በአምስተኛው ዓመት፣ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ጨለማ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ የከተማችንን የኢባዳንን ቆርቆሮ ሁሉ በሚደበድብበት ወራት፣ ሦስት የመካንነት ክሊኒኮች ተከበው አንዱ የተያዘበት ዘመቻ እንዲህ ሆነ። ጸሐፊዋ እኔ የአዴጎኬ እናት ነኝ። አራት ወልጄ አራቱንም ድሬያለሁ። ውሸት ብጨምር ጌታ ይይብኝ፤ ትንሽ ባጋንን ግን ይለፈኝ።

የዘመቻው መነሻ ፎላሻዴ ናት፤ የሟቹ ባሌ እህት፣ የቤታችን አፍ፣ ገበያ ቆማ ስትናገር ጥሬ ቲማቲም የሚበስልላት። እሷ በአንድ እሑድ፣ ምሳ ላይ፣ ሁላችን ሩዛችንን እየበላን ሳለ እንዲህ ስትል አወጀች፦

«ስሙኝ! ሠርግ ከበላን አምስት ዓመት፤ የስም ማውጣት ድግስ ግን እስከዛሬ አልበላንም። ዝናቡ እስኪያባራ የሚስታችን ሆድ ካልገፋ፣ ኢሴዪን ከተማ ያየኋትን ልጅ ለአዴጎኬ አመጣለታለሁ። እሷ ዳሌ አላት!»

«ሚስታችን» ያለቻት ሞሬኒኬን ነው። ሞሬኒኬ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ስድሳ ጎረምሳ በዓይኗ ብቻ ጸጥ የምታሰኝ። ወደ ኩሽና ገባችና ታጥቦ የተደፋውን ድስት አንሥታ እንደ አዲስ ማጠብ ጀመረች። እኔ በበሩ አየኋት፤ አላየሁም ብዬም ተመለስኩ።

በማግስቱ ክሊኒክ ልሂድ አለች። ቤተ ዘመዱም ብቻዋን አትሄድም ብሎ ሠራዊት አወጣ። የሠራዊቱም ቁጥር ይህ ነው፦ ፎላሻዴ በፊት፤ ቀጥሎ አጎት ላሚዲ፣ በመቁጠሪያው አላህን የማይረሳ፣ በመሐሉ ግን ኳስ በሬዲዮ የሚሰማ፣ የራሱን ታጣፊ ወንበር ተሸክሞ፤ ከቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ሦስት እናቶች፣ አንደኛዋ ከነከበሮዋ፤ እኔ፣ አንድ ባልዲ ሙሉ ሞይንሞይን፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ የባቄላ ሊጥ ይዤ፣ ባቄላ የሌለበት ጉዞ ጉዞ አይደለምና። ሁላችንም ከአንድ ጣቃ የተቀደደ አረንጓዴ ጨርቅ ለበስን። ነገሩ በምስጢር ይሁን ተብሎ ነበር። ለምስጢርም ቢሆን ሰው አንድ ዓይነት ሳይለብስ እንዴት ይወጣል?

ልጄ አዴጎኬ፣ የጎማ ነጋዴው፣ የከባድ መኪና ጎማ በአንድ እጁ የሚያወርደው፣ ጭነት ገባብኝ ብሎ ቀረ። በዚያ ዘመቻ ወደ ክሊኒክ በወጣን ቁጥር ጭነት ይገባበት ነበር።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ባለ መስታወት ነው። ዘበኛው ገና ሲያየን «ሠርጉ የሚቀጥለው በር ነው» አለ። ገፍተነው ገባን፤ ሃያ ስድስት ደረጃም ወጣን። መነጽር ያደረገች ሐኪም ሁላችንንም ቆጠረችና «ባልየው የትኛው ነው?» አለች። ሁሉም ዞሮ ላሚዲን አየው።

«ኧረ እኔ አይደለሁም!» አለ ላሚዲ። «ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አሥራ አንድ ወልጃለሁ። ቸግሯችሁ ከሆነ ግን...»

«ቁጭ በል አንተ!» አለችው ፎላሻዴ።

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ እንዲህ ስትል ደነገገች፦ «እናቶቼ፣ መጀመሪያ የሚመረመረው ባልየው ነው። ቀላሉም እሱ ነው። አንዲት ብልቃጥ ሰጥተነው አንድ ክፍል ይገባል፣ አለቀ።»

ያን ጊዜ ማንም ሳይቀድመኝ ተነሣሁ። «ይሄ ክሊኒክ አይሆንም!» ብዬ አወጅኩ። «ሃያ ስድስት ደረጃ እርጉዝ ሴት በምን ጉልበቷ ትወጣዋለች?» ሠራዊቱም እውነት ነው ብሎ ወረደ።

ሁለተኛው ክሊኒክ ምድር ቤት ነው፤ አንድም ደረጃ የለው። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። እሱም «ባልየውስ?» አለ። እኔም «ይሄማ ጺም የለውም፤ ጫማዬ በዕድሜ ይበልጠዋል» አልኩ። ወጣን። ሞሬኒኬ በመንገዱ ሁሉ ታየኝ ነበር፤ እንደ ተማሪ ደብተር፣ ስሕተቱ የቱ መስመር ላይ እንደ ጀመረ እንደሚፈልግ ሰው።

ሦስተኛው ከጋራዥ ጀርባ ነው። ግድግዳው በፈረንጅ ሕፃናት ፎቶ የተሸፈነ። ራሱን ፕሮፌሰር የሚል ወፍራም ሰው በሁለት እጁ ተቀበለን፦

«እንኳን ደህና መጣችሁ እናቶቼ! እኔ ጋ መንታ ነው፣ በፊርማ! ሁለት መርፌ፣ አንድ ጸሎት።»

«ባልየውስ አይመረመርም?» አለች ሞሬኒኬ።

«ወንድ ልጅ ምን ይመረመራል? ወንድ ወንድ ነው።»

ምን ልበላችሁ፤ እልልታው ጋራዡን ሞላው። ከበሮው ተመታ። ፎላሻዴ «ተመርጧል! መንታ!» ብላ ለፈፈች፤ ላሚዲ ወንበሩን ዘርግቶ ተቀመጠ፤ ሞይንሞይን ለፕሮፌሰሩ ተሰጠ። ከሁሉ ይልቅ እልል ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ሞሬኒኬ ያን ጊዜ በዚያ ዘይት በነካው ሲሚንቶ ላይ ተንበረከከች፤ ወደ እኔ ዞራ። በእኛ ዘንድ ምራት ተንበርክካ ስትለምን፣ አማት መርቃ ካላስነሣቻት አትነሣም። ምርቃቱም «ልጅ አዝለሽ ተነሺ» ነው፤ አምስት ዓመት በየማለዳው ብያታለሁ።

«እማዬ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «እኔ የመጀመሪያውን መርጫለሁ። ደረጃውን እወጣዋለሁ፤ ባሌ ግን ቀድሞኝ ይውጣ። እዚህ ከተወጋሁና ካልወለድኩ ጥፋቱ የኔ ይሆናል፤ ከኢሴዪንም ሰው ይመጣብኛል። እሺ ካሉኝ ይመርቁኝ። እምቢ ካሉኝ እዚሁ ነኝ።»

«ኧረ ሚስታችን አበደች!» አለች ፎላሻዴ።

እኔ ምርቃቱን ልል አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። ከዓመት ዓመት እግዚአብሔርን ልጅ ስጣት ስለው፣ እሱ የማውቀውን ያውቃል። አዴጎኬ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ጆሮ ደግፍ ይዞት ነበር። እብጠቱ ከአንገቱ ወርዶ ሌላ ስፍራ ሰፈረ። በእርጥብ ጨርቅ ያስታመምኩት እኔ ነኝ። የዚያን ጊዜው ሐኪም «መውለዱን ሊነካበት ይችላል፤ ሲያገባ ይታይ» ብሎኝ ነበር። ልጄ ረስቶታል። እኔ አልረሳሁም።

ስለዚህ በሠራዊቱ ሁሉ ፊት፣ ከበሮ የያዘችውም ሳትቀር፣ ተናገርኩት። ላሚዲ ሬዲዮውን አጠፋ። ከዚያ ሞሬኒኬን «ልጅ አዝለሽ ተነሺ፣ ይቅርም በይኝ» አልኳት። ተነሣች፤ ጉልበቷ ላይ ዘይት ነበረ። ይቅርታውን ያን ቀን አልሰጠችኝም፤ አልጠየቅኋትም ዳግመኛ።

ከጋራዡም በቀጥታ፣ ያው አረንጓዴ ለብሰን፣ የጎማውን ሱቅ ከበብነው። አዴጎኬ «እማዬ፣ ጭነት ገብቶብኛል» አለ። «ጭነቱንማ እኔ ነኝ የጫንኩብህ፣ ና ላውርድልህ» ብዬ ጎማ መሐል ሁሉን ነገርኩት። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠረገና ሚስቱን «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚከፍቱት?» አላት።

ረቡዕ ጠዋት ያ የጎማ ጀግና ሃያ ስድስቱን ደረጃ ወጣ፤ ብልቃጡን ተቀበለ፤ ክፍሉ ገባ፤ በሩ ተዘጋ። እኛ ከታች ጠበቅን። ጥቂት ሲዘገይ የማኅበራችን እናት ላበረታታው ብላ ከበሮውን መምታት ጀመረች፤ ሌሎቹም አጀቧት። የላይኛው መስኮት ተከፈተ፦

«እማዬ! በማርያም ይዤሻለሁ፣ ይሄን ከበሮ አስቁሚልኝ!»

ከበሮው ቆመ። ጸጥታ ሆነ። ብልቃጡም ባዶ አልመጣም።

ሐኪሟ ውጤቱን ስትነግረን «ጥቂት ናቸው፤ ግን አሉ። በላቦራቶሪ ከረዳናቸው ተስፋ አለ» አለች። ፎላሻዴም «ድሮም የኢሴዪኗ ልጅ ዳሌዋ ብዙም አልነበረ» ብላ አዋጇን ሻረች።

ይህን ስጽፍ ሕክምናው ተጀምሯል፤ ልጅ ገና የለም፤ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ክብር ግን ለሞሬኒኬ ይሁን፤ በዘይት ላይ ለተንበረከከችው፣ መንታ በፊርማ ሲሰጧት እምቢ ላለችው፣ የአማቷን አፍ ላስከፈተችው፣ ባሏን ደረጃ ላስወጣችው። ልጅ የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው። ክሊኒኩን ግን የመረጠችው እሷ ናት።