አለቃና ምንዝር ሲመሰካከሩ

ሙያ በልብ ነው ያሉት አባቶቻችን የመኖሪያ ፈቃድ ጠይቀው አያውቁም። ካናዳ ለባለሙያ ነጥብ እየሰጠች ትወስዳለች የተባለ ጊዜ፣ በልብ የተያዘ ሙያ ነጥብ እንደማያስገኝ ካምፓላ ያለን አበሾች ሁሉ ባንድ ጊዜ ተማርን። ዲግሪው ብቻውን አይበቃም፤ በሙያህ መሥራትህን የቀድሞ አለቃህ ይመስክርልህ ይባላል። እናንተዬ፣ መንግሥት ተለውጦ አለቃም ምንዝርም እግሩ ወደመራው በተበተነበት ዘመን አለቃ ከየት ይመጣል?

የመንገድ መሐንዲሱ ኃይሉ ግን ሩቅ አልፈለገም። አለቃው ጋሽ በቀለ እኛው ምሳ ከምንበላበት፣ ካባላጋላ ሰፈር ካለው ምግብ ቤት አይጠፉም። ችግሩ፣ አገር ቤት ሳሉ ኃይሉን «አፈኛ ነህ» ብለው ከአዲስ አበባ ወደ በረሃ ያዛወሩት እሳቸው መሆናቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ወጡን ሳይጨርስ ይነሣል።

ኃይሉን ሚስቱና ልጆቹ አዲስ አበባ ሆነው ይጠብቁታል። ኩራቱን ዋጠና እኔን አማላጅ ላከኝ።

ጋሽ በቀለ ሰምተውኝ ሳቁ። «እኔም እኮ አንተኑ ልልክበት ነበር!»

ለካ እሳቸውም አመልክተው፣ መሐንዲሶችን መምራትዎን ከሥርዎ የሠራ ሰው ይመስክርልዎ ተብለዋል። ካምፓላ ውስጥ ከሥራቸው የሠራ ደግሞ ከኃይሉ በቀር የለም።

ባንድ ጠረጴዛ አስቀመጥኳቸው።

«የማላምንበትን አልጽፍም» አሉ ጋሽ በቀለ።

«እኔም» አለ ኃይሉ።

እንዲህ ተባብለው መጻፍ ጀመሩ። እሳቸው «ትጉህ» ሲሉ ኃይሉ አጮልቆ አየና «አርቆ አስተዋይ መሪ» አለ። እሳቸው «አቻ የሌለው» ጨመሩ። ጨረታ ሆነ።

ሲለዋወጡ ኃይሉ ደጋግሞ አነበበ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ጋሼ፣ ይህን ያኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«አንተስ ብትሆን?» አሉ ጋሽ በቀለ። «አርቆ አስተዋይ ያለኝ ሰው አለ?»

ተቃቀፉ። ናይሮቢ ካናዳ ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ ጠያቂው ሹም «ይህን የመሰለ መሐንዲስ ለምን በረሃ ላኩት?» ቢላቸው፣ ጋሽ በቀለ «በረሃው መንገድ አልነበረውማ!» ብለው አለፉ። ኃይሉም አለፈ፤ ቤተሰቡም ሊከተለው ተፈቀደለት።

ደስታ አብሮ የሚያሳቅድ ነገር ነው። ካናዳ ሲደርሱ የመንገድ ሥራ ድርጅት በሽርክና ሊያቋቁሙ ተስማሙ። ከዚያ ገና ያልተወለደው ድርጅት አለቃ ማን ይሁን በሚለው ተጣሉ። «አርቆ አስተዋዩ እኔ ነኝ!» «አቻ የሌለኝ ደግሞ እኔ!» እንደገና ሰላምታ ቀረ።

ጉዟቸው ግን ባንድ አውሮፕላን ሆነ። ኢንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ልሸኛቸው ብሄድ ጀርባ ተሰጣጥተው ቆመዋል። ኃይሉ ጎተት አደረገኝ።

«ሰውዬው ብርድ አይችሉም። ካፖርት ይዘው እንደሆነ ጠይቅልኝ።»

ጠየቅኋቸው፤ አልያዙም። ኃይሉ ከሰልባጅ ገበያ ከገዛቸው ሁለት ካፖርቶች ደህናውን መርጦ ሰጠኝ፤ «ከእኔ ነው እንዳትላቸው!»

ወስጄ ሰጠኋቸው። ጋሽ በቀለ ለበሱት፣ ቆለፉት፣ ወደ ኃይሉ ጀርባ አሻግረው ተመለከቱ።

«እጅጌው አጠረ በለው» አሉኝ።